ዳኛ ከወንበሩ አይነሣም

ስልኩ ሲጮህ ዲኑ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። ስልክ በበር እንደማይገባ ያውቃል፤ ዐይኑ ግን አይሰማውም። ጸሐፊዋ ይህን ጠባዩን ካወቀች ቆይታለች። ስለዚህ ጥሪው ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ሲሆን በቀጥታ አታገናኘውም። ከወንበሯ ተነሥታ ትመጣና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ዶክተር፣ ከላይ ናቸው» ትለዋለች።

የዚያን ዕለት ጠዋትም እንዲሁ አለችው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«አልነገሩኝም። ቶሎ ይምጣ ነው ያሉት።»

«ድምፃቸው እንዴት ነው?»

«ጉንፋን ይዟቸዋል መሰለኝ።»

ጉንፋን የያዘው ሰው ይበልጥ ይቆጣል ወይስ ለመቆጣትም ይደክመዋል? ዲኑ ይህንን እያሰላሰለ ኮቱን ለበሰ።

የሕግ ፋኩልቲው ተማሪዎች «ካልሆነስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ውል ሲያስተምር፣ ሻጩ የቤቱ ባለቤት ካልሆነስ ይላል። ማስረጃ ሲያስተምር፣ ፊርማው የሟች ካልሆነስ ይላል። ፀሐይ ወጥታለች ቢሉት እንኳ ካልሆነስ ሳይል ዣንጥላውን አያስቀምጥም ብለው ይቀልዱበታል። ስሙን ሰምቶታል፤ አልተቀየመም። ሕግ የፈሪ ሙያ ነው ብሎ ያምናል። ጎበዝ ሰው ገደሉን ዘሎ ያልፋል፤ ፈሪ ግን ገደሉ የት ጋ እንደሚጀምር ለክቶ ምልክት ይተክላል። ለሚመጣው ሰው የሚጠቅመው የፈሪው ምልክት ነው።

ፍርሃቱ ከቤት የወጣ ነው። አባቱ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ልጁ ገና ጫማውን ማሰር በሚማርበት ዕድሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮት የለበሱ ሰዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ እንፈልግሃለን» አሏቸው። አባትየው ምሳቸውን አቋርጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ጃኬታቸውን ለብሰው ሄዱ። የተመለሱት ክረምቱ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደ በር ሳያዞሩ ተቀምጠው አያውቁም። ስለዚያ ጊዜ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተናገሩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እሷንም ጥፍራቸውን እየቆረጡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ነው ያሏት። «ለጥያቄ ብለው ወሰዱኝ፤ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።»

እናቱ ደግሞ ልጃቸው ጠብ አይቶ በሮጠ ቁጥር ራሱን እየዳበሱ «ፈሪ ለእናቱ» ይሉት ነበር። እውነትም ለእናቱ ተረፈ። ደፋር ጓደኞቹ በየአቅጣጫው ሲበተኑ እሱ በተማሪዎች መኝታ ቤት፣ በታችኛው አልጋ ላይ ተጋድሞ ሕግ አጠና። ከላዩ ባለው አልጋ ላይ ይተኛ የነበረው የምህንድስና ተማሪ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነው። «ያኔም ከላይህ ነበር» ትለዋለች ሚስቱ፣ ልታበሽቀው ስትፈልግ።

ዲን የሆነውም በፍርሃቱ ነው። ስብሰባው ላይ ሌሎቹ መምህራን ሁሉ አንድ አንድ ጠላት ነበራቸው። እሱ የለውም። «ከእሱ ጋር ማን ይጣላል?» ተባለና እጅ ወጣለት። እምቢ ለማለት ፈራ።

ፕሬዚዳንቱ ከጠረጴዛው ጀርባ ሆኖ መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ አየው።

«ግባ፣ ግባ። አንተ እኮ ስትፈራ ትከሻህ ነው ቀድሞ የሚገባው። ከድሮም እንዲህ ነበርክ።»

«እንደምን አደሩ» አለ ዲኑ። ፕሬዚዳንቱ አንተ ሲለው ኖሯል፤ እሱ ግን ሰውየው ከተሾመ ጀምሮ አንቱ ማለቱን መተው አልሆነለትም።

«ምስለ ችሎት አላችሁ አሉ።»

«አዎ፣ እንደየዓመቱ ነው። ሁለት የተማሪ ቡድኖች ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ይከራከራሉ፤ እኔ ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ።»

«ጉዳዩ ምንድን ነው?»

«አንድ ኮሌጅ አንድ ተማሪ ሳይሰማው ያባርራል። ተማሪው ይከሳል። የሌለ ኮሌጅ ነው።»

«የሌለ ኮሌጅ። የሌለ ፕሬዚዳንትም አለው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉዳዩን ዲኑ ራሱ ነበር በክረምቱ ዕረፍት የጻፈው። ማንንም የማያስቀይም ጉዳይ ሲፈልግ ከርሞ፣ መሬት የሌለበት፣ ደም የሌለበት፣ ሹመት የሌለበት አንድ ነገር አገኘሁ ብሎ ተደስቶ ነበር። ለተማሪዎቹ ከታደለ በኋላ ነው አንድ የምህንድስና ተማሪ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ለምን እንደማይሠራ የጠየቀውና፣ ስብሰባ አውከሃል ተብሎ፣ ሳይጠራ ሳይጠየቅ የተባረረው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

«እኔ የጻፍኩት በክረምት ነው» አለ ዲኑ። «ልጁ የተባረረው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔማ አምንሃለሁ። አንተ አውቀህ ይህን አታደርግም፤ ወኔው የለህም። ሰው ግን ምን ይላል?» ተነሥቶ መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። «እኔም እመጣለሁ፤ ፊት እቀመጣለሁ። ፍርዱን የምትሰጠው አንተ ከሆንክ ምን ያስጨንቀናል? የዲንነትህ ዘመን የሚታደስበት ጊዜም ደርሷል። ቤቱ ተስማምቷችኋል አይደል? ባለቤትህ ግቢውን እንዴት አድርጋ አሳምራዋለች።»

ቤቱ የዲኖች ቤት ነው። ዲን ሲወርድ ቤቱንም ይለቃል።

ዲኑ ከዚያ እንደወጣ የከሳሽን ቡድን የምትመራውን ተማሪ አስጠራት። ቀጭን፣ ስትናገር ጣቷን የምትቀስር ልጅ ናት፤ ጓደኞቿ መርፌ ይሏታል።

«ጉዳዩን ብንለውጠውስ? የኪራይ ክርክር ልስጣችሁ። በጣም ቆንጆ የኪራይ ክርክር አለኝ።»

«ዶክተር፣ ለቡድኖች የታደለ ጉዳይ አይለወጥም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አስተምሬያለሁ። ግን አንዳንድ ጊዜ…»

«ካልለወጥነውስ ምን ይመጣል?»

ዲኑ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለ። ልጅቷ ጣቷን አጥፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይፍረዱልን አላልንዎትም። ይስሙን ብቻ ነው የምንለው።»

እቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከመድኃኒት ቤቷ አልተመለሰችም ነበር። ስትመጣ ባሏን መደርደሪያ ሥር ተንበርክኮ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ ሲከት አገኘችው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አየችው።

«ምን እየሆንክ ነው አንተ ሰውዬ?»

ነገራት። እሷም የሞላውን ካርቶን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ፍርድ ሳይሰጥ አፈጻጸም ጀመርክ? እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ይሄ ግን ትክክል አይመስለኝም።»

«ካልሆነስ? እንኳን ቤቱ፣ እኔንስ ነገ መጥተው…»

«ማን መጥቶ?»

በሩን አየ። ማን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ኮት የለበሱት ሰዎች ናቸው። ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ እሱ ቤት ግን እስከዛሬ ይመጣሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ለኮሌጁ ብትፈርድ ምን ይሆናል?» አለችው።

«ምንም። እንቆያለን።»

«ጥሩ። ከዚያ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ጎንህ የምተኛው እኔ መሆኔን ግን እወቅ።» ከካርቶኑ ላይ ተነሣች። «ለልጁ ብትፈርድም ያው ስትገላበጥ ነው የምታድረው። ስለዚህ እኔን አትጠይቀኝ።»

ምስለ ችሎቱ የሚካሄደው አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ከፍ ያለ መድረክ፣ ጥቁር ረጅም ጠረጴዛ፣ መሐል ላይ ሲቀመጡበት የሚያቃስት ወንበር። ፋኩልቲውን ያቋቋሙት ሽማግሌ መምህር በዚያ ወንበር ላይ የተከሉት አንድ ልማድ አለ፤ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ አይገኝም። ዳኛው ክርክሩን ሰምቶ ሳይነሣ፣ እዚያው ይፈርዳል። ለማሰብ መውጣት የለም፤ አቀርቅሮ ማሰብ ይቻላል፤ አዳራሹም ይጠብቃል። ለምን ሲባሉ ሽማግሌው «ዳኛ ከተነሣ ኮሪደር ላይ የሚያገኘው ሰው አይታጣም» ይሉ ነበር። ተማሪዎች ይስቃሉ። ዲኑም ተማሪ ሳለ ስቋል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የተባረረው ልጅ አጥር ግቢ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የእሱ ክፍል ተማሪዎች ግን የኋላውን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት፣ እግሩን አነባብሮ፣ ምክትሉ ከጎኑ። ዲኑ እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ።

መርፌ አጭር ተናገረች። ደንበኛዬ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም አልልም፤ አላውቅም፤ ኮሌጁም አያውቅም፤ አልጠየቀውምና አለች። የኮሌጁ ጠበቃ የሆነው ተማሪ የባሰ ጎበዝ ነበር። ረጋ ብሎ፣ ፈገግ እያለ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ተማሪው ቢሰማም ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ድርጊቱን የፈጸመው መቶ ሰው ፊት ነው። የሚለው ነገር አይኖርም» አለ። ፕሬዚዳንቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ካልሆነስ?» አለ ዲኑ።

ከአፉ ያመለጠው ሳያስበው ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጠበቃው ተማሪ ራሱ ሳቀ። ዲኑ ብቻ አልሳቀም፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ያለው ፊት ሲከስም አይቷል።

ክርክሩ ሲያበቃ ምክትሉ በጎን በኩል ወደ መድረኩ ወጣና ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። «ፕሬዚዳንቱ ከፍርዱ በፊት ትንሽ ሻይ ቢጤ እንጠጣ ብለዋል። ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁዎታል።»

ዲኑ ቀና ሲል የፕሬዚዳንቱ ወንበር ባዶ ነው። የጎን በሩ ገርበብ ብሎ፣ በስንጥቁ የኮት እጅጌ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ስለሆነው ነገር ተማሪዎቹ ዛሬም ሌላ ነው የሚያወሩት። እውነቱ ግን ይህ ነው። ዲኑ መሄድ ፈልጎ ነበር። በሙሉ ልቡ ፈልጎ ነበር። ወጥቶ ሻዩን ጠጥቶ፣ አንድ ቃል ሰምቶ፣ ተመልሶ ያንን ቃል ተናግሮ መገላገል ነበር የፈለገው። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሊነሣ ሞከረ። እንደገና ሞከረ። ወንበሩ አቃሰተ እንጂ እሱ አልተነሣም። የኮት እጅጌውን ያየ ጊዜ እግሩ የአባቱን በር አስታውሶ ነበር።

«አልችልም» አለ በሹክሹክታ።

ምክትሉ ቀጥ አለ። «አልችልም ነው ያሉት?»

«አልችልም።»

ምክትሉ ፊቱ ጠቁሮ ወረደ። አዳራሹ ይህን አየ፤ ሹክሹክታው ጸጥ አለ። ሁሉም ዳኛው እንዲናገር ይጠብቃል። መነሣት ካልቻለ ሌላ የቀረው ነገር መናገር ብቻ ነበር።

«ይህ ችሎት» አለ፣ «ልጁ ያጠፋው ጥፋት ይኑር አይኑር አያውቅም። ጠበቃው፣ ተማሪው ቢሰማም የሚለው አይኖርም ብለዋል። ሰው ምን እንደሚል የሚታወቀው ከጠየቁት በኋላ ነው።» ያዘጋጀው የሕግ አንቀጽ ሁሉ ከአእምሮው ጠፋ። «አንድን ሰው ለጥያቄ ብላችሁ ከጠራችሁት፣ ጠይቁት። ሳይጠይቁት መፍረድ… ሳይጠየቅ የተፈረደበት ሰው፣ ቤቱ ከተመለሰም በኋላ መልሱን ይዞ ነው የሚኖረው። የሚቀበለው የለም። ውሳኔው ተሽሯል። ኮሌጁ ልጁን ጠርቶ ይስማ።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት ከኋላ የቆሙት ናቸው።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ዲኑ አሁንም እዚያው ነበር። የጎን በሩ ተከፈተና ፕሬዚዳንቱ ገባ። መድረኩን ወጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። የሚንቀጠቀጡትን እጆች አየ።

«ፈርተሃል» አለው።

«ፈርቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«መነሣት አቃተኝ። እግዜር ያሳይህ፣ መነሣት አቃተኝ።» አንተ ማለቱን ያወቀው ከተናገረው በኋላ ነው፤ ደነገጠ።

ፕሬዚዳንቱ መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። «ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። ልጁ ሰኞ ይምጣ፤ ኮሚቴው ይስማው። አንተ ግን…» አለና፣ ሳይጨርሰው ዞሮ ወጣ።

ዲኑ ጉልበቱ እስኪመለስለት ጠብቆ፣ ጠረጴዛውን እየተደገፈ ወረደ። እቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በሩ ላይ ነበረች፤ ወሬው ቀድሞት ገብቷል።

«ጀግና ሆነሃል አሉ።»

«ዝም በይ እባክሽ። መነሣት አቅቶኝ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰውየው ምን አለህ?»

«‹አንተ ግን› አለኝ።»

«አንተ ግን ምን?»

«አልጨረሰውም።»

ካርቶኑ አሁንም መደርደሪያው ሥር፣ አፉን እንደከፈተ ነበር። «እንግዲህ እስኪጨርሰው ድረስ ራትህን ብላ» አለችው።

ልጁ ሰኞ መጣ፤ ተጠየቀ፤ መለሰ፤ ወደ ክፍሉም ተመለሰ። የዲንነቱን ዘመን ስለማደስ ግን ከላይ የመጣ ቃል የለም፤ ይታደሳልም አይታደስምም የሚል የለም። ካርቶኑን ሚስቱ ሁለት ጊዜ አራግፋዋለች፤ እሱ ሁለት ጊዜ መልሶ ሞልቶታል። ጠዋት ጠዋት ቢሮው ገብቶ፣ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል። ስልኩ ሲጮህ በሩን ያያል። ጸሐፊዋ ጉሮሮዋን እስክትጠራርግ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።