ቀድሞ የተመታው ጎንግ

ሱታርጆ በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት፣ በሶሎ ከተማ፣ ጋምላን የሚባለውን የነሐስ መሣሪያዎች ሙዚቃ በኖታ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል። የዓለም ሙዚቃ ሁሉ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲቀመጥ በሚሠራው ማኅበር ውስጥም ጃቫን ወክሎ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። ማኅበሩ "ከአራት ምት የሚከብደው የመጀመሪያው ነው" ብሎ ሲደነግግ፣ የጃቫው ክብደት መጨረሻው ላይ መሆኑን እያወቀ፣ ሰው ፊት መቃወም ነውር ሆኖበት ፈገግ ብሎ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እነሱም ተስማማ ብለው ጻፉ። የሙዚቃውን ዙር የሚዘጋው ትልቁ ጎንግ፣ በመዶሻ የሚመታው ክብ ነሐስ፣ በዚሁ ደንብ መክፈቻ ሆኖ ቀረ።

ዛሬ የአባቱ ጓደኛ፣ ዕድሜ ልካቸውን ጎንግ የመቱትና ሰው ሁሉ ፓክ፣ አባባ፣ የሚላቸው ዊግንዮ፣ ሥራውን ሊሰሙ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሱታርጆ ሻይ አቀረበላቸውና ኮምፒውተሩን ነካ። ጎንጉ ከሁሉ ቀድሞ ጮኸ።

"ልጄ፣ እንግዳው ሳይገባ መሸኘት ጀመራችሁ እንዴ?" አሉ ፓክ ዊግንዮ እየሳቁ።

"ደንቡ እንደዚያ ነው፣ ፓክ። ፈረንጆቹ ናቸው ያወጡት።"

"ከእኛ ሰው አልነበረም እዚያ?"

ሱታርጆ ፊቱ ጋለ። ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ።

"አይ፣ ቢኖርማ ዝም አይልም ነበር" አሉ ሽማግሌው ራሳቸው መልሰው። "አንተ ምን ታደርግ፤ አይዞህ።"

ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ ነበርኩ ሊላቸው አፉን ከፈተ።

"ስኳር ልጨምርልዎ፣ ፓክ?" አለ።