ሎሪን ኩቤና የመዘገበችው አርብ

ሎሪን ኩቤና የማይመለከታት ነገር የለም ብለው የሚያሟት ነበሩ። እውነታቸውን ነው። ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቴክሳስ የምትገኘውን የቬሴልካን ከተማ የውሃ ቆጣሪ ስታነብ የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል? በየወሩ ሰባት መቶ ግቢ ትገባለች። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን ውሻ ጩኸት ብቻ እንደሆነ፣ ማን ጀልባ ገዝቶ ከሚስቱ እንደደበቀ ታውቃለች። ቆጣሪው ያለው መሬት ውስጥ፣ በብረት ክዳን በተከደነ ጉድጓድ ነው። አንዳንዴ ክዳኑ ሲነሳ ቁጥሩ ላይ እባብ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሌሎቹ አንባቢዎች እባብ ሲያዩ ክዳኑን ይመልሱና ያለፈውን ወር አይተው በግምት ይጽፉ ነበር። ሎሪን ግን እባቡን በዘንግ ገፋ ታደርግና ቁጥሩን በዓይኗ ታያለች። ያላየችውን አትጽፍም፤ ያየችውን አትተውም። ጀግና ስለሆነች አይደለም፤ ሳታየው ከሄደች እንቅልፍ ስለማይወስዳት ነው።

በኋላ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ንባቡን ራሱ በሬዲዮ የሚልክ ቆጣሪ አስገጠመና ሎሪንን በአርባ ስድስት ዓመቷ በኬክና በምስጋና ወረቀት ሸኛት። ኬኩስ ጥሩ ነበር ትላለች። ቤቷ ቁጭ ብላ በመንገዱ የሚያልፈውን መኪና ስትቆጥር ከረመች። በነሐሴ፣ ሥጋ ቤት ቋሊማ ልትገዛ ተሰልፋ ሳለ፣ የሁለተኛ ደረጃው ርዕሰ መምህር ቨርጂል ማቲስ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ሎሪን፣ አንቺ ኮሌጅ የተማርሽው ምን ነበር?»

«ባዮሎጂ። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ምነው?»

«የባዮሎጂ መምህሬ ትናንት ጥላኝ ሄደች። በሁለት ዓመት አራተኛዋ ናት።»

«ታዲያ ምን ልርዳህ? ሰው ላፈላልግልህ?»

«አይ፣ አግኝቻለሁ» አለና የእሷንም ቋሊማ ከፈለ።

መምህርት የሆነችው እንዲህ ነው። በቴክሳስ ዲግሪ ያለው ሰው ክፍል ገብቶ እያስተማረ፣ ጎን ለጎን ሠልጥኖ ፈቃድ የሚያገኝበት አቋራጭ አለ። የእሷን ሥልጠና የሚሰጠው ሂዩስተን ያለ አንድ ድርጅት ነበር፤ ትምህርቱ በኮምፒውተር፣ ክፍያው በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ። ጊዜያዊ ፈቃዷ የተንጠለጠለው በዚሁ ድርጅት ላይ ነው። እነሱ ካሰናበቷት ፈቃዱም አብሮ ይወድቃል።

በመጀመሪያው ቀን ማሪሶል የምትባል ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«ሚስ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ወዴት?»

«ሌሎቹ ወደሄዱበት ነዋ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሎሪን አልሳቀችም። ልጆቹ በግንቦት የክልሉን ፈተና ካላለፉ ትምህርታቸውን አይጨርሱም፤ እስከዚያ ቀን አንድ ምዕራፍ ከአንድ ሰው ጋር ጨርሰው አያውቁም ነበር። «እስከ ግንቦት የትም አልሄድም» አለቻቸው። «ፈተናውን አብረን ነው የምንጋፈጠው።» ማሪሶል ትከሻዋን ሰበቀች። ሎሪን ግን ራሷ የገባችውን ቃል ቤቷ ድረስ ይዛው ሄደች።

ሥልጠናው ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ልምድ ያለው መምህር ሲያስተምር ሠላሳ ሰዓት ተቀምጦ ማየት፣ ያዩትን መዝግቦ መምህሩን ማስፈረም ነበር። ሎሪን ቀኑን ሙሉ ክፍል አላት። ምሳዋን በሰው ክፍል ኋላ ወንበር እየበላች ሃያ አራቱን ሰዓት ሞላች። የማሟያው ቀን ጥር ሲያልቅ ነበር፤ ወሩ ሊያልቅ ሲል ገና ስድስት ሰዓት ቀራት።

በጥር ደግሞ የአውራጃው የከብት ትርኢት አለ። በዚያ አርብ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ባይዘጋም የሚመጣ የለም። ግማሹ ተማሪ ያሳደገውን ፍየል ወይም ወይፈን ይዞ ጋጣው ውስጥ ነው፤ ግማሹ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። የግብርና መምህሩ ዌንዴል ስታርክስ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ከእሱ የተሻለ መምህር በአካባቢው እንደሌለ የማይወዱት እንኳ ያምናሉ። ሎሪን ደብተሯን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ ኋላ ኋላው አለች።

«ምን እንደ ጥላ ትከተይኛለሽ?» አላት።

«ሥራ ነው፤ ይከፈልበታል።»

«ስንት ይከፍሉሻል?»

«ከፋይዋ እኔ ነኝ።»

ማሪሶል ያመጣችው ሙክት ነበር። ለውድድሩ ከመቶ ሃያ ፓውንድ መብለጥ አይችልም። ሚዛን ላይ ሲወጣ መቶ ሃያ አንድ ሆነ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አንድ ዓመት ያሳደገችው ነው። መዛኞቹ ተመልሳ የምታስመዝንበት አንድ ሰዓት ሰጧት።

«ሚስተር ስታርክስ፣ ምን ላድርግ?»

«ሙክቱ የኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ትርፉ ክብደት የት ነው ያለው?»

ከዚያ በኋላ ሰውዬው እጁን አጣምሮ ዝም አለ። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ። ሎሪን ሰዓቷን አየች። እሷ ብትሆን መልሱን ሦስት ጊዜ ነግራት ነበር። ማሪሶል ሙክቱን ዞረችው፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ጠዋት ምን እንደበላና ስንት እንደጠጣ በጣቷ ቆጠረች። በመጨረሻ «ከመጣን ጀምሮ አልሸናም» አለችና እየጎተተች ከጋጣው ጀርባ ወሰደችው። ግማሽ ሰዓት አዟዟረችው። ሲመለሱ መቶ አሥራ ዘጠኝ ተኩል መዘነ። ሎሪን በቅጹ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሙክቱ እስኪሸና ድረስ መምህሩ መልሱን አልተናገረም። 40 ደቂቃ።» ቀኑን የዚያኑ አርብ አለችው፤ ቦታውን «የትርኢቱ ጋጣ» አለችው። ከጠዋት ጀምሮ ከመዘገበችው ሌላ ጋር ስድስቱ ሰዓት ሞላ፤ ዌንዴል ፈረመ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከሂዩስተኑ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። በአንቀጽ ሰባት መሠረት፣ የተጭበረበረ ሰነድ በማቅረብዎ ከሥልጠናው ተሰናብተዋል። የዓመቱን ሙሉ የሥልጠና ክፍያ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይክፈሉ። እስኪከፍሉ ድረስ ማስረጃዎ ለሌላ ተቋም አይተላለፍም። ፊርማ የለውም።

ሎሪን የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ያስለቀሳት ገንዘቡ አልነበረም፤ «የተጭበረበረ» የምትለው ቃል ናት። ስድብ ሰምታ ታውቃለች፤ ሰው የውሃ ሒሳብ ሲበዛበት የሚሰድበው አንባቢዋን ነው። ይህን ግን ማንም ብሏት አያውቅም። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ንዴቱ እንዳለ ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ግን የለመደችው ነገር ይቆረቁራት ጀመር። ማን ነው ያየው? ምንስ አይቶ ነው ይህን ያለው?

ቨርጂል ጠበቃ ያዢ አላት። ዌንዴል እኔ ሄጄ ላናግራቸው አለ፤ እሱ ደግሞ ሲያናግር ለሰው አይመችም። ስልክ ብትደውል የተቀዳ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ፈቃድ ወሰደችና፣ በአፕሪኮት ማርማላታ የተሞላ ኮላች የሚባል ጣፋጭ ዳቦ አንድ ካርቶን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣ ሂዩስተን ወረደች። የቬሴልካ ሰው ለጠብም ቢሆን ባዶ እጁን አይሄድም።

ትልቅ ሕንፃ ጠብቃ ነበር። ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ክፍል ሆነች። ሦስቱ ጠረጴዛ ባዶ ነው። አራተኛው ላይ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ስድሳ የተጠጋች ሴት ተቀምጣለች፤ ፊቷ ያለው የስም ሰሌዳ ኦዴት ፎንቴኖ ይላል።

«ሎሪን ኩቤና እባላለሁ። ወረቀቴን ያየው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ሴትዮዋ ካርቶኑን አየች፣ ሎሪንን አየች። «ባለ ሙክቷ ነሽ?»

«እርስዎ ነዎት ያዩት?»

«እኔ ነኝ። ቁጭ በይ።» ኮምፒውተሯን አዞረችላት። «የሦስት መቶ አርባ ሰው ቅጽ ነው የማየው። ሁሉንም አነባለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ‹መምህሩ የመማሪያ ዓላማውን አብራራ›፣ ‹መምህሩ የቡድን ሥራ ሰጠ›፤ ሁሉም አንድ ነው። ያንቺ ላይ ስደርስ ሙክቱ እስኪሸና ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው ብዬ የቀን መቁጠሪያችሁን ከፈትኩ። አርብ ዝግ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ከሆነ ትምህርት የለም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የተዘጋው ለከብት ትርኢቱ ነው።»

«ለከብት ትምህርት ቤት ይዘጋል?»

«እናንተ ጋ ለምንድን ነው የሚዘጋው?»

ኦዴት አሰበች። «ለአውሎ ነፋስ» አለችና ፈገግ አለች። ኮላች አነሳች። «እሺ፣ ሙክቱ አለፈ?»

ሎሪን ነገረቻት። ሚዛኑን፣ እንባውን፣ ዌንዴል እጁን አጣምሮ መቆሙን ነገረቻት። ኦዴት ማኘኳን አቆመች።

«ዐሥር ደቂቃ ዝም አለ?»

«በሰዓት ይዣለሁ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩ እኔ። ሦስት ደቂቃ መቻል አቅቶኝ ነው የወጣሁት።» መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ስሚኝ። የማረሚያ ቅጽ የሚባል አለ። ቀኑን ሐሙስ ብለሽ ሙዪው። ሐሙስ ክፍት ነበራችሁ። በስህተት ተጻፈ ትያለሽ፣ እኔ አጸድቀዋለሁ። ስንብቱም ዕዳውም ይነሳል፤ ሰኞ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። በቀን አንድ ሰው እንዲህ አደርግለታለሁ።»

ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገችላት። ሎሪን ስሟን ጻፈች። ቀን የሚለው ሳጥን ላይ እጇ ቆመ። ማሪሶልን አሰበች፣ ግንቦትን አሰበች። ሐሙስ በዚያ ሰዓት እሷ ራሷ ስለ ሕዋስ እያስተማረች ነበር። ዌንዴል ጋጣ ያጥብ ነበር፤ የአርቡ ቅጽ ላይ ደግሞ የእሱም ፊርማ አለ። አንድ ቃል ናት፤ ማንም አያይም። ደግሞ ከልጆቹ መለየት አልፈለገችም።

እስክሪብቶውን መለሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«ይህን ብጽፍ ደብዳቤያችሁ እውነት ይሆናል።»

ኦዴት ተናደደች። «እዚህ ቁጭ ብዬ ስንቱን የውሸት ቅጽ አሳልፌ፣ ያየችውን የጻፈችዋን ሴትዮ ላባርር ነው?»

«ሌላ መንገድ ከሌለ ምን ያደርጋሉ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ውሉን አወጣች፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው በጣት እየተከተሉ አነበቡት። አንቀጽ ሰባት ስለ ማጭበርበር ነው፤ ሙሉ ክፍያው የሚመጣውና ማስረጃው የሚያዘው በእሱ ነው። አንቀጽ አራት ግን ሰዓቱን በጊዜው ያልሞላ ሰው ይሰናበታል፣ የሚከፍለው እስከዚያ ወር ድረስ ብቻ ነው፣ ማስረጃውም ይለቀቅለታል ይላል። የሎሪን ሰዓት የማይቆጠር ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። የማሟያው ቀን ደግሞ ጥር ሲያልቅ አልፏል።

«ሰባትን አንስቼ አራት አደርግልሻለሁ» አለች ኦዴት። «ዕዳው ይሰረዛል፤ በክረምት ሌላ ቦታ መመዝገብ ትችያለሽ። ስንብቱን ግን ማስቀረት አልችልም። ፈቃድሽ ከሰኞ ጀምሮ የለም።»

«የተጭበረበረ የሚለውስ?»

«ይጠፋል።»

«ሲጠፋ በዓይኔ ልየው።»

ኦዴት ማያ ገጹን አዞረችላት። ሎሪን ያቺ ቃል ፊደል በፊደል ስትጠፋ አየች። ካርቶኑን እዚያው ትታ ወጣች።

ቨርጂል ቢሮው ሆኖ ሲጠብቃት ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከሰኞ ጀምሮ መምህር ብዬ ላስገባሽ አልችልም። ምትክ መቅጠር አለብኝ።»

«ማን አለህ?»

«ማን ይኖረኛል። እዚህ ድረስ የሚነዳ የለም።»

«ምትክ መምህር ለመሆን ፈቃድ ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም፣ ዲግሪ ያለው ሰው…» ሲል ገባው። «ሎሪን፣ ደመወዙ እኮ አሁን ከምታገኚው ግማሽ አይሞላም» አለ።

«ቅጹ የታለ?» አለችው።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ምትክ መምህር የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ልጆቹ ወረቀቱን እያነበቡ ገቡ። ማሪሶል በሩ ላይ ቆመች።

«ሚስ፣ ተባርረሻል ሲሉን ነበር። ምትክ ይመጣል አሉ።»

«መጥታለች። ግቢና ተቀመጪ።»

«የማን ምትክ ነሽ?»

«የሚስ ኩቤና።»

ልጅቷ አየቻት። ከዚያ እንደ ወትሮው ከኋላ ወንበር ሳይሆን ከፊት ሄዳ ተቀመጠች። ሎሪን መጽሐፍ አስከፈተቻቸውና ምትክ መምህር የሚሞላውን ቅጽ አወጣች። የምትክ ስም ይላል፤ ሎሪን ኩቤና ብላ ጻፈች። የቀረችው መምህርት ስም ይላል፤ ሎሪን ኩቤና። ቀጥሎ የቀረችበት ምክንያት ይላል። ቀና ብላ ክፍሉን አየች፤ ሃያ ስድስት ልጅ ጎንበስ ብሎ ያነባል። ሳጥኑ ውስጥ ያየችውን ጻፈች፦ «አልቀረችም።»