የገነነ ሦስተኛው ክንፍ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. የተጀመረ የዋንዛ ጣውላ ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ቀርቷል። መጋዙ ግማሽ ድረስ ቆርጦ እዚያው ቆሟል። በእርሳስ የተሠመረው የክንፍ ቅርጽ ግን እስከ ጫፍ ይዘልቃል።

ይህን ያየሁት ከቀብሩ በኋላ የሥራ ክፍሉን ስከፍት ነው። ገነነ የእህቴ የልክነሽ ባል ነበር። ከዳገቱ ላይ ባለው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል አልጋና ቁምሳጥን ይሠራ ነበር። የእኔ ሥራ መዝገብ ቤት ነው፤ የሆነውን በቅደም ተከተሉ ማስቀመጥ ልማዴ ነው። የዚያን ቀን ነገር ግን ጽፌውም ማመን አልቻልሁም።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ቪዲዮ ነው። ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ደንበኛው በብሉቱዝ ላከለት፤ ቪዲዮው ላይ አንድ ፈረንጅ ሳንቃ ላይ ቆሞ የባሕር ማዕበል ይጋልባል። ገነነ ደጋግሞ አየውና፣ “አባያም እኮ ከሰዓት በኋላ ማዕበል አለው” አለ። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ሳንቃውን የሠራው ወጎሎ ከሚሠራበት እንጨት ነው። ወጎሎ የአባያ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ ነው፤ እንጨቱ ሐይቁ ዳር ይበቅላል፣ እንደ ቡሽ ይቀላል። ያመጣለት ካሱ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። መጀመሪያ ውኃ ላይ ያወጡት ቀን ሳንቃው ገነነን እንደያዘ ዞረ፣ እንደገና ዞረ።

“አንተ ሰው፣ እንዝርት ነው እንዴ የሠራኸው?” ብሎ ካሱ ከዳር ጮኸ። “ጥጥ ላምጣልህ?”

ገነነ ወደ ቪዲዮው ተመለሰ። ሰውዬው ሲወድቅ ሳንቃው ለቅጽበት ይገለበጣል። ምስሉን እዚያ ላይ አቆመው። ከሳንቃው ሆድ በኩል፣ ወደ ኋላ፣ ሦስት ክንፎች አሉ፦ ሁለቱ ግራና ቀኝ፣ አንዱ ከእነሱ ኋላ መሐል ላይ።

በመጀመሪያ ከቢጫ ጀሪካን ቆርጦ ሠራ። ውኃው ሲገፋቸው እንደ ጆሮ ታጠፉ። ቀጥሎ ከላሜራ ሠራ፤ እነዚያ አልታጠፉም፣ ግን ተረከዙን ቆረጡት፣ ከዚያም ከነምስማራቸው ተነቅለው ሐይቁ ውስጥ ቀሩ። ረዘም ባለ ምስማር መታቸው። እነዚያም ተነቀሉ።

ካሱ ወጎሎውን ገልብጦ አሳየው። “በዚህ ሁሉ እንጨት ላይ አንድ ምስማር ካገኘህ ታንኳዋ ያንተ ናት። እንጨቱ ስፖንጅ ነው፤ ምስማር ምኑን ይነክሳል? እኛ በእንጨት ችንካር ነው የምንወጋው።”

ገነነ ቆሞ ቀረ። ዕድሜውን በሙሉ አልጋ ሲገጥም እግሩን በምስማር አልመታም፤ በመሮ ቀዳዳ ፈልፍሎ፣ ምላስ አስገብቶ ነው የሚያያይዘው። ሳንቃው ላይ ሲደርስ ያንን ረስቶት ነበር። ቤቱ ተመልሶ ጠንካራ የወይራ ቁራጭ ሳንቃው ሆድ ውስጥ ቀበረና በችንካር ወጋው። ወይራውን ፈለፈለ፤ የዋንዛውን ክንፍ ምላስ ኮላ ቀብቶ አስገባበት። ሁለቱን የጎን ክንፎች አፍንጫቸውን ትንሽ ወደ መሐል አዘንብሎ ገጠማቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጋቸው ጣቶቹ ዋንዛ ዋንዛ ይሸቱ ነበር።

በሁለቱ ክንፎች ሳንቃው ቀጥ ብሎ ሄደ። ገነነ አባያ ላይ ቆመ።  ልክነሽ ከዳር ሆና እያየች ነበር፤ ከኋላ ማዕበል ሲመጣ የሳንቃው ጅራት ሸርተት አለና ገነነ ቀዩ ውኃ ውስጥ ገባ። አባያ አዞ አለበት። ልክነሽ ጮኸች። ሲወጣ አፉ ጭቃ ሞልቶ ይስቃል።

“መሐለኛው የለማ!” አለ። “ጅራቱን የሚይዘው እሱ ነው።”

“እንግዲያው መሐለኛው ሳይገባ እግርህ ውኃ አይነካም። ማል።”

“እሺ እመቤቴ።”

“ማል አልኩህ!”

ማለ፤ መሐላውንም ጠበቀ። ያን ረቡዕ ጠዋት ልክነሽ ወደ ሥራዋ ስትወጣ፣ “ዛሬ ሲቀላ እንጨት ተራ ወርደህ የመሐለኛውን እንጨት ካላመጣህ ሳንቃውን እፈልጠዋለሁ” አለችው። ከሰዓት በኋላ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው ዳገት ጠርዝ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቁልቁል የሚወርድ ድንጋይ የጫነ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ገጨው። ገነነ እዚያው ሞተ።

ስልክ የተደወለልኝ እኔ ነኝ። “ገነነ ሞተ” ሲሉኝ፣ “ማን አወጣው?” ብዬ ጠየቅሁ። ከሐይቁ ማለቴ ነው። “መንገድ ላይ ነው” አሉኝ። እኔም መልሼ፣ “እሺ፣ ከውኃው ማን አወጣው?” አልሁ።  አንድ ዓመት ሙሉ ሁላችንም የፈራነው ውኃውን ነበር።

ልክነሽ በለቅሶው አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ “እኔ ነኝ የላክሁት። ጋሼ፣ እንጨት አምጣ ብዬ እኔ ነኝ የላክሁት።” እንባ አልነበራትም፤ ዓይኗ ፈጥጦ ቀርቷል። ወደ ሥራ ክፍሉ አልገባም አለች። ለዚህ ነው እኔ የከፈትሁት፤ ሞርሳው ላይ ያለውን ጣውላ ያየሁትም ያኔ ነው።

ጣውላው ቤት ከገባ፣ ገነነ ከእንጨት ተራ በሰላም ተመልሷል። መሥመሩን አሥምሯል፣ መቁረጥም ጀምሯል። ታዲያ እንደገና ሲቀላ ምን አወረደው?

ልክነሽን እጇን ይዤ አስገባኋት። መጋዙን አየች። ከሥሩ ያለውን ብናኝ በጣቷ ነካች።

“አምጥቶት ነበር?” አለች።

“አምጥቶት ነበር።”

“ታዲያ ለምን ወጣ?” ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

መልሱን ያገኘነው ከወይዘሮ ዘሃራ ነው። ሲቀላ ሱቅ አላቸው። ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ነው የነገሩን። የሱቃቸው የእንጨት በር በበልጉ ዝናብ አብጦ ወለሉን ይፍቅ ነበር፤ ገነነ እንዲያየው ከነገሩት ሰንብተዋል። ያን ረቡዕ ከሰዓት ማንም ሳይጠራው መላጊያውን በብብቱ ይዞ መጣ።

“እንጨት ስቆርጥ በርዎ ትዝ አለኝ፣ እትዬ ዘሃራ” አላቸው።

“አሁን ትዝ አለህ? በሩ ወሩን ሙሉ እንደ አህያ ሲያናፋ ከርሞ!”

በሩን ከማጠፊያው አወረደው። የታችኛውን ጠርዝ ላገው፣ መልሶ ሰቀለው። አንድ ጊዜ ከፍቶ ዘጋው፤ ከዚያ ወይዘሮ ዘሃራን ራሳቸው እንዲዘጉት ጠየቃቸው። በአንድ ጣት ገፉት። በሩ ወለሉን ሳይነካ ገጠመ።