ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሰው

ሰቆጣ ውስጥ በምሠራበት ቢሮ፣ ወረዳዎች የዝናብና የሰብል ዘገባ የሚልኩበትን ትንሽ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኔትወርክ በተገኘ ቀን ከአምደወርቅ አንድ፣ ከፃግብጂ አንድ ኮምፒውተር ይገናኘዋል። ፕሮግራሙ የተላከለትን ይቀበላል እንጂ ላኪው ማን እንደሆነ አይጠይቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ መስመር ተከፍቶ አየሁ። ምንም አይልክም፤ አይዘጋምም።

የተገናኘውን መስመር ሁሉ “ከወዲያ ያለው ኮምፒውተር አድራሻው ምንድን ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ጨመርኩና ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሳሁት። ሁሉም ተቋረጡ። ከወረዳዎቹ ቀድሞ ያ ዝምተኛው ተመልሶ ገባ፤ አድራሻውም ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው የባልደረባዬ ኮምፒውተር ነበር። ሥራውን ያለማመደኝ እሱ ነው። “አሞታል” ከተባለ ሰንብቷል፤ ስልኩን ብደውል ብደውል አያነሳም።

‘ተሽሎት መጣ ማለት ነው’ ብዬ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ወንበሩ ላይ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። መጋረጃው ተጋርዷል።

“ማን ላከሽ?” አለኝ፣ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል።

“ማንም። ኮምፒውተሩ መገናኘቱን አይቼ፣ እሱ የመጣ መስሎኝ...”

“ከዚህ ክፍል መሆኑን በምን አወቅሽ?”

ነገርኩት። ያኔ ዞሮ አየኝ።

“ሌላ ያየ አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው ተይው።”

ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ የጨመርኩትን ትእዛዝ አጠፋሁት። መስመሩ ግን እንደተከፈተ ዋለ።

በሳምንቱ የባልደረባዬ እናት ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጡ። አቧራ እንደለበሱ በር ላይ ቆመው፣ “ልጄ፣ ከእሱ ጋር የምትሠሪው አንቺ ነሽ? የት አደረሳችሁት?” አሉኝ።

“እማማ፣ እኔም አላውቅም። ይግቡ፣ አብረን እንጠይቅ” አልኳቸው። ከቢሮ ቢሮ ስንዞር ዋልን። አንዱ “ፈቃድ ላይ ነው”፣ ሌላው “ተዛውሯል” አለን። ወዴት እንደተዛወረ የሚነግረን አጣን። አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሸኘኋቸው፤ አላለቀሱም፤ እጄን ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ አልለቀቁኝም።

ከወራት በኋላ ባልደረባዬ በማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ድምፁ ቀጥኗል።

“ደህና ነኝ” አለ።

“እናትህ መጥተው ነበር።”

“ሰምቻለሁ። አሁን የምታወሪው ከቢሮ ነው?”

“አዎ።”

ዘጋው። መልሼ ብደውል ስልኩ ጠፍቷል።