ወደዚያው ጥግ

ሰው ሲፈራ አፉን ዘግቶ የሚፈራ ይመስለኝ ነበር። እኔ እንደዚያ ነኝ። በአርባ ምንጭ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተጠባባቂ ግብ ጠባቂ ሳለሁ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንኳ እፈራ ነበር፤ ሲጠይቁኝ ግን «ደህና ነኝ» እላለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ እናት ዕድለኛ ናት።

ዋናዋ ግብ ጠባቂ ከገረሴ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበረችው በእግሮቿ መካከል አንዲት ኳስ አልፋባት፣ ከተማው ሲሳለቅባት ከቤት መውጣት አቁማ በዚያው ቀረች። ያ ቦታ ለእኔ የተረገመ ነበር። አንድ ቀን ተራዬ እንደሚደርስ ስለማውቅ የገረሴዋን ልጅ በዓይኔ እከታተላት ነበር። እሷ ከተሰበረች እኔ ምን ተስፋ አለኝ?

በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ፣ አቻ ሆነን ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። ካሸነፍን ወደ ላይኛው ሊግ እናልፋለን። ተጫዋቾቹ ሁሉ የገረሴዋን ልጅ ከበው «አይዞሽ! አይዞሽ!» ይሏታል። እሷ ጥላቸው ወደ እኔ መጣች። ጓንቷን እያጠበቀች አጠገቤ ቆመች።

«ፈራሁ» አለችኝ፣ ውሃ የምትጠይቀኝ ያህል ቀለል አድርጋ። «አይዞሽ አትበይኝ። ምሳ ምን በላሽ በይኝ።»

ግራ ገብቶኝ ጠየቅኋት።

«ቆጮ በጎመን። ቃሪያው ያቃጥላል፤ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ» አለችና በረጅሙ ተንፍሳ ወደ ግቡ ሄደች። እግዚኦ! እየፈራች ሁለት ኳስ አዳነች። እኔ ፍርሃት መጀመሪያ ከሰው መውጣት ያለበት ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ይዛው ገባች።

የመጨረሻዋ ግን በግራዋ ጥግ ገባች። የፈሩት ይደርሳል። ተሸነፍን።

ከተመልካቹ ስድቡ መጣ። አሠልጣኙ በጓሮ በር ሊያስወጣት መኪና አስጠጋ። እሷ በዋናው በር፣ በሰው መካከል ወጣች። እኔ ቦርሳዋን ተሸክሜ ከኋላዋ እከተላለሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር «እጅሽ ቅቤ ነው እንዴ?» ሲላት ቆም ብላ «ዛሬ ቅቤ ነበር» አለችው። ሰውየው ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭኖ የመጣ ጋሪ አጠገብ ስንደርስ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ሳትደበቅ፣ ንፍጧ እስኪወርድ። ሲወጣላት ሙዝ ገዝታ አንዱን ሰጠችኝ።

«በጣም አዝኛለሁ» አለች። «ነገም አዝናለሁ። አሁን ግን ርቦኛል።»

አፌን ከፍቼ አየኋት። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ያም ሆኖ ሰኞ ጠዋት ልምምድ ትመጣለች ብዬ አላመንኩም። ስደርስ ቀድማኝ ግቡ ውስጥ ቆማለች። ኳሷን ወደ እኔ አንከባለለችና የግራዋን ጥግ በእጇ አሳየችኝ።

«ወደዚያው ምቺ።»

ሌላ ቦታ ልምታ ብዬ ብለምናት እንቢ አለች። መታሁ። ዘለለች፤ አልደረሰችባትም። ኳሷ እንደገና ገባች። እሷ መሬት ላይ ተዘረጋች። ከዚያ አቧራዋን ሳታራግፍ ቀና ብላ፣ እየሳቀች፣ «ድገሚ» አለችኝ።

ስንደጋግም ቆይተን ጓንቷን አውልቃ ዘረጋችልኝ። ተራዬ ነበር።

«ፈራሁ» አልኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ቁርስ ምን በላሽ?» አለችኝ።