የጂሎ ፍየሎች ተራ

ጂሎን ሞያሌ ገበያ ላይ የሚያውቀው ሁሉ «ፉንዲ» ይለዋል፤ እጁ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሾፌሮች የተሰበረ ባሌስትራቸውን ሲሰጡት «ና ወንድሜ፣ ሻይ እንጠጣ» ብለው ያስቀምጡታል። ያንኑ ብረት ተሸክሞ በኬንያ በኩል ቦሪ አጠገብ ወዳለችው መንደሩ ሲገባ ግን ፉንዲነቱ መንገድ ላይ ይቀራል። እዚያ ቱምቱ ነው፤ ቀጥቃጭ። መጥረቢያውን ይፈልጉታል፣ የሠራውን ቃጭል ከብቶቻቸው አንገት ላይ ያስራሉ፣ ወተት ሲቀርብ ግን የእሱ ዕቃ ለብቻው ነው።

ይህን አርባ ስድስት ዓመት ችሎታል። ዘንድሮ ግን አንገፈገፈው።

ጎርፍ የመንደሩን ጥልቅ ጉድጓድ በደለል ደፈነውና ወንዱ ሁሉ ወርዶ አሥራ ሁለት ቀን ቆፈረ። ጂሎም ወናፉንና መስፉን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተክሎ፣ ድንጋይ ያዶለዶመውን ዶማ ሁሉ እያጋለ ሲስል ሰነበተ፤ ቅንድቡ በፍንጣሪ አለቀ። በአገሩ ወግ ጉድጓድ ያወጣ ሰው በየሦስተኛው ቀን የሚደርስ የውሃ ተራ አለው። ጂሎ ደግሞ በዶማና በቢላ ፋንታ ግልገል እየተቀበለ አሥራ አንድ ፍየል አፍርቷል። አያቱም አባቱም አንድ ጭራ ያልነበራቸው ሰው!

ተራውን የሚደለድሉት አባ ሄሬጋው፣ ኦቦ ሁቃ ናቸው። ሁሉንም ጠርተው ሲጨርሱ የጂሎ ስም የለም።

«ኦቦ ሁቃ፣ እኔን ዘለሉኝ።»

«አንተን? አንተ ምን የሚጠጣ አለህና?»

«ፍየሎች አሉኝ።»

«ወናፉም እኮ የፍየል ቆዳ ነው፤ እሱንም ያጠጣው!» አለ አንዱ ጎረምሳ። ሰዉ በሳቅ አውካካ።

ጂሎ ግን አልሳቀም። «ይህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?»

«እኛ ነና!»

«በምን? በጥርሳችሁ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሁቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በቃ፣ ልጄ። ለቱምቱ ተራ ተሰጥቶ አያውቅም። ውሃ ግን አልከለከልንህም፤ ፍየሎችህ በእኔ ስም ይጠጡ።»

ሰዉ «እንዴት ያለ ደግ ነው!» አለ። ጂሎን ከስድቡ ይልቅ ያቃጠለው ይሄው ደግነት ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ኮኪ ነገሩን ሰምታለች። «ፍየል ውሃ እንጂ ስም አትጠጣም» አለችው። «ዝም ብለህ አጠጣ።»

«ዛሬ በስሙ ከጠጡ ነገ የሱ ናቸው ይባላል። ልጆቼስ? እነሱም በሁቃ ስም ይደሩ?»

«እንግዲያው ስትሰደብ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ» አለች ኮኪ።

የሁቃ ተራ ቀን ደረሰ። እዚያ ጉድጓድ ላይ እንስሳ ወደ ገንዳው የሚወርደው የባለቤቱ ስም ከተጠራ ብቻ ነው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ እንደ መሰላል ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። የሁቃ ላሞች ጠጥተው ሲወጡ ሽማግሌው «የሁቃ ፍየሎች!» ብለው ተጣሩ።

ጂሎ በገንዳው መውረጃ ላይ እግሩን አንፈራጦ ቆመ። ፍየሎቹ ውሃው ሸቷቸው ጉልበቱን በቀንድ ይገፉታል። ኮኪ ሁለቱን ጥቦቶች አንገታቸውን አቅፋ ያዘች።

«ልቀቃቸው እንጂ!» አሉ ሁቃ።

«የጂሎ ፍየሎች ይበሉ።»

«ሰው አታሰድብ፣ አንተ ቀጥቃጭ!»

«ቀጥቃጭ ነኝ። የቀጥቃጩ ፍየሎች ቢሉም ይገባኛል። የእርስዎ ግን አይደሉም።»

ፀሐይዋ ከረረች። ከኋላ የተሰለፈው የሰው ከብት ማጓራት ጀመረ። ጎረምሳው ዱላውን ቢያነሳ ኮኪ ዓይን ዓይኑን እያየች «ምታው፤ የዱላህንም ጫፍ እሱ ነው ያበጀልህ» አለችው። አልመታም።

ይሄኔ ከጉድጓዱ ውስጥ የጉዮ ድምፅ ወጣ፤ በዘፈኑም በአፉም የታወቀ ሰው ነው። «እናንተ! ሙሉ ባልዲ ተሸክሜ እጄ ሊገነጠል ነው! የጂሎ ፍየሎች በሉና እንገላገል!»

ከታች ያሉት ሁሉ ተቀበሉት። «የጂሎ! የጂሎ ፍየሎች!»

ጂሎ ከመውረጃው ዘወር አለ። አሥራ አንዱም ገንዳው ላይ ተደፉ።

ሁቃ ፊታቸውን አዙረው «ጭንቅ ሆኖብን ነው፤ ተራ አገኘሁ እንዳትል» አሉ።

«በሦስተኛው ቀን እዚሁ ቆሜ ያገኙኛል» አለ ጂሎ።