ኮክ በጠጅ

ልጆቹ «እማማ፣ ኮክ በጠጅ ይሠሩ ስለነበሩት አክስትዎ ይንገሩን» አሉኝ። ልንገራችሁ፤ ቅሬታዬ ግን ዛሬም አልወጣልኝም።

ቡሬ ላይ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የማርያምን ማኅበር ሲደግሱ የጓሯቸውን ኮክ ልጠው በጠጅና በማር ቀስ አድርገው ይቀቅሉት ነበር። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚጨመርበት ሰዓት ሲደርስ ግን «አንቺ፣ እስቲ ጥጆቹን አስገቢልኝ» ብለው ያስወጡኛል።

«እትዬ፣ መቼ ነው የሚያሳዩኝ?»

«ምን አስቸኮለሽ? ድስቱም ሙያውም ያንቺ አይደል!»

ስመለስ ጎረቤታችን ማንኪያ ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆማ አገኛታለሁ። ለባዳ የተገለጠው ለእኔ፣ ለሥጋቸው፣ ተደበቀ። እንዲያ እንዳሉ ሳያሳዩኝ ሞቱ። ድስቱ ደረሰኝ። ኮክ ስቀቅልበት አንዴ ይመረኛል፣ አንዴ ማሩ ይበዛብኛል፤ አሁን ከጓዳ ውጪ የሚለኝም የለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያችን ጎረቤት ፍኖተ ሰላም ገበያ አገኘኋትና «ምነው ሙያውን ላንቺ ሰጥተው እኔን ከለከሉኝ?» አልኋት።

«ምን ሰጡኝ እቴ» አለችኝ። «አንቺ ልጅ ሳለሽ ክፉኛ ታመው ከተነሡ ወዲህ ምላሳቸው ጨውና ማር አይለይም ነበር። የምቀምስላቸው እኔ ነበርሁ፤ አንቺ እንዳታውቂ አስምለውኝ።»